ያልወረደው የጣና ምስል፦ የፋይል እገዳን በአንድ ግቢ እንዴት ፈታነው

ልጅቷ ቢሯችን ስትመጣ ላፕቶፕ አልያዘችም፤ የያዘችው ደብተር ነው። ጥር ወር ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ስመጣ ይህ ሦስተኛዬ ነው፤ አንዴ ብቻ ይዩልኝ» አለችኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ መጥታ «ኔትወርኩ ዛሬ ተጨናንቋል፣ ማታ ሞክሪ» ተብላ ተመልሳለች። በመጀመሪያው ቀን እንዲያ ብዬ የመለስኳት እኔ ነኝ።

የምሠራው በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የአይሲቲ ክፍል ነው፤ ኔትወርኩንና ፋየርዎሉን (ከኢንተርኔት የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያጣራውን መሣሪያ) ከያዙት ሰዎች አንዱ ነኝ። የግቢውን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ግቢ ብቻ አይደለም። በሌሎች ግቢዎች ያሉ ባልደረቦቼም፣ ፋይል አልወርድ ብሏቸው የሚንገላቱ ተማሪዎችም የሆነውን ከሥሩ እንዲያዩት ብዬ ነው የምጽፈው።

ልጅቷ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏ በጣና ሐይቅ ላይ ስለተንሰራፋው እምቦጭ ነበር። አረሙ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደሰፋና የት እንደቀነሰ ለማወቅ ከሰማይ ማየት የግድ ነው። የእኛ ግቢ ደግሞ ከጣና በጣም ይርቃል፤ በየሳምንቱ ተሳፍሮ ሄዶ መለካት አይታሰብም። ስለዚህ የመረጠችው ሴንቲኔል 2 የተባሉትን የአውሮፓ ሳተላይቶች ነው። የመጀመሪያው በሰኔ 2015፣ ሁለተኛው በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. የመጠቁ ሲሆን፣ ሁለቱ ተጋግዘው በዚያን ጊዜ አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ ያነሱ ነበር። ምስሉ የ10 ሜትር ጥራት አለው፤ ለማንም ሰው በነጻ ይሰጣል። አንዱ ቁራጭ 110 ኪሎ ሜትር በ110 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ይዞ፣ በዚፕ ታሽጎ ይመጣል፤ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ጊጋ ባይት በላይ ነው። ለሥራዋ 18 ቁራጭ ያስፈልጋት ነበር፤ ሁሉም ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የተነሱ። ክረምቱን ሐይቁን ደመና ስለሚሸፍነው የዚያ ወቅት ምስል አይጠቅምም።

ከ18ቱ በእጇ የነበሩት 2 ብቻ ናቸው። እነሱንም ያወረደቻቸው ከኪሷ የሞባይል ጥቅል ገዝታ ነው።

ደብተሩ

ደብተሯን ስትከፍተው ዝም ብዬ ማየት ጀመርኩ። በማስመሪያ 6 ረድፍ አስምራበታለች፦ ቀን፣ ቦታ፣ የጀመረበት ሰዓት፣ የቆመበት ሰዓት፣ ስንት ሜጋ ባይት እንደደረሰ፣ ስክሪኑ ላይ ምን እንደታየ። ከ20 በላይ ሙከራ ተመዝግቧል። ሰው «አይሠራም» ብሎ ሲመጣ ለምደናል፤ እንዴት እንደማይሠራ በጽሑፍ ይዞ የመጣ ግን ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

የኮምፒውተር ላብ ውስጥ የሞከረችው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ 0 ሜጋ ባይት፣ ወዲያው «መዳረሻው ተከልክሏል» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ገጽ። በራሷ ላፕቶፕ፣ በግቢው ዋይፋይ የሞከረችው ግን ሌላ ነው። ማውረዱ ይጀምራል፣ ይሄዳል፣ መሀል ላይ ይቆረጣል። 312፣ 287፣ 340፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ 118 ብቻ፣ አንድ ሌሊት ደግሞ 526። ከ860 ሜጋ ባይት ማለት ነው። ከዚያም ብራውዘሩ ካቆመበት ከመቀጠል ይልቅ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አንዱ መስመር አጠገብ በትንሹ «እንደገና» ብላ ጽፋለች፤ ከሥሩ ሌላ «እንደገና»፣ ከዚያም ሌላ።

መጀመሪያ ያየሁት የሜጋ ባይቱን ረድፍ ነው። አንዱ ከሌላው አይገጥምም። «የመስመር ችግር ነው» ለማለት ተቃርቤ ነበር። ዓይኔ የጀመረበትና የቆመበት ሰዓት ላይ ሲያርፍ ግን ልዩነቱን በጭንቅላቴ ማስላት ጀመርኩ፦ 27 ደቂቃ፣ 28 ደቂቃ፣ 26 ደቂቃ፣ እንደገና 27። መስመሩ ፈጣንም ይሁን ቀርፋፋ፣ ቀንም ይሁን ሌሊት፣ ከ30 ደቂቃ ያለፈ ሙከራ የለም።

«ዋይፋዩ ላይ ስምሽንና የይለፍ ቃልሽን አስገብተሽ ምን ያህል ቆይተሽ ነው ማውረድ የምትጀምሪው?» አልኳት።

«ገጹ እስኪከፈት፣ ምስሉን እስክፈልግ… ሁለት ሦስት ደቂቃ» አለች።

የዋይፋዩን የመግቢያ መዝገብ ከፍቼ ስሟን ፈለግኩ። የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት ከደብተሯ ጋር አንድ በአንድ አስተያየነው። ሁሉም ልክ 30 ደቂቃ ነው። ፋይሉን የሚቆርጠው መስመሩ አልነበረም። ሥርዓቱ ራሱ በ30ኛው ደቂቃ ሰውን ከዋይፋዩ ያስወጣል፤ እንደገና ስም አስገባ ይላል። ዜና ለሚያነብ ወይም መልእክት ለሚልክ ሰው ይህ ትንሽ መሰላቸት ነው። 860 ሜጋ ባይት ለምታወርድ ተማሪ ግን፣ በፈጣኑ ሌሊት እንኳ ከ30 ደቂቃ በላይ ስለሚፈጅ፣ ፋይሉ መቼም አያልቅም ማለት ነው።

ፋይል አልወርድ ያለው ሰው ከዚህ ደብተር የሚወስደው ነገር አለ። ገና ሲነካ ወዲያው ከተከለከለ፣ የታገደው የፋይሉ ዓይነት ወይም ድረ ገጹ ነው። ሁልጊዜ በአንድ መጠን ላይ ከቆመ፣ ለምሳሌ 100 ሜጋ ባይት ሲሞላ፣ የመጠን ገደብ አለ። መጠኑ እየተለያየ ደቂቃው አንድ ከሆነ፣ የሆነ ቦታ ሰዓት ቆጣሪ ተገጥሟል። መጠኑም ደቂቃውም የማይገጥም ከሆነ ብቻ ነው «መስመሩ ነው» ማለት የሚቻለው። እኛ ጋ «መስመሩ ነው» የመጀመሪያ መልስ ሆኖ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ስንቱ ተማሪ እንደተመለሰ ሳስብ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ላቡና ዋይፋዩ ለምን ተለያዩ

ይህ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት ስለሆነ ቆም ልበልበት። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የሚመጣው በኤችቲቲፒኤስ ነው፤ እንደታሸገ ፖስታ ማለት ነው። መሀል ላይ የቆመው ፋየርዎል ፖስታው ወደ የትኛው ድረ ገጽ እንደሚሄድ ያያል፣ ውስጡ ዚፕ ይሁን ቪዲዮ ግን አያውቅም። ላብ ውስጥ ባሉት ኮምፒውተሮች ላይ ግን የዩኒቨርሲቲው የራሱ ሰርቲፊኬት (ኮምፒውተሩ ፋየርዎሉን እንዲያምን የሚያደርግ ዲጂታል ማረጋገጫ) ተጭኗል። በእሱ አማካይነት ፋየርዎሉ ፖስታውን ከፍቶ፣ አይቶ፣ መልሶ ያሽገዋል። ስለዚህ ላብ ውስጥ «ዚፕ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ በተማሪው ላፕቶፕ ላይ ሰርቲፊኬቱ ስለሌለ ያልፋል፣ እዚያ ደግሞ ሰዓት ቆጣሪው ይጠብቀዋል። አንዲት ተማሪ ባንድ ጊዜ በሁለት የተለያዩ ገመዶች ታስራ ነበር፤ አንዱን ብንፈታላት ሌላው ይይዛታል።

ሁለቱም ገመዶች የየራሳቸው ታሪክ አላቸው።

የ30 ደቂቃው ቆጣሪ የገባው የዋይፋይ አድራሻ ባለቀበት ሰሞን ነው። በዚያን ጊዜ በአንድ ሕንፃ ለዋይፋይ የተመደበው አድራሻ 254 ብቻ ነበር። ተማሪው ስልኩን በኪሱ ይዞ ሲያልፍ እንኳ አንድ አድራሻ ይይዛል፤ ሲሞላ አዲስ ሰው መግባት አይችልም። «ቶሎ ቶሎ እናስወጣቸው» ተባለና 30 ደቂቃ ተደረገ። ነገር ግን ሰውን ከመግቢያ ገጹ ማስወጣት አድራሻውን አያስለቅቅም፤ አድራሻው የሚለቀቀው የተሰጠበት የውሰት ጊዜ ሲያልቅ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚስተካከለው ሌላ ቦታ ነው። ቆጣሪው የታሰበለትን ሥራ አንድም ቀን ሳይሠራ ለዓመታት ፋይል ሲቆርጥ ኖሯል።

የፋይል ዓይነት እገዳውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። በአንድ የምዝገባ ሰሞን መስመሩ ታፍኖ መምህራን ውጤት ማስገባት አቃታቸው። መዝገቡን ሳየው ፊልም፣ ጌም፣ ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ነው የሚወርደው። በዚያው ሳምንት አንድ ቢሮ ኮምፒውተሮቹ በቫይረስ ተመቱ። ያን ቀን ማታ ተቀምጬ ዝርዝር ጻፍኩ፦ ኢኤክስኢ፣ ኤምኤስአይ፣ አይኤስኦ፣ ዚፕ፣ ራር፣ ካብ፤ የፕሮግራም መጫኛና የታሸጉ ፋይሎች ዓይነቶች ናቸው። ከ50 ሜጋ ባይት በላይ የሆነ ማንኛውም ፋይልም ጨመርኩበት፤ ፋየርዎሉ ፋይልን ለቫይረስ የሚፈትሸው ሜሞሪው ላይ አቆይቶ ስለሆነ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወይ ሳይፈትሽ ያሳልፋል ወይ ይዘጋል። እኔ ዝጋ አልኩት። የደንቡን መግለጫ ሳጥን ላይ «ጊዜያዊ፣ ለ2 ሳምንት» ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ስትመጣ ደንቡ ገና እዚያው ነበር፤ «ለ2 ሳምንት» የሚለውም ከነስሜ።

ፋይሉ በሌላ በር ይገባል

ችግሩ ከታወቀ በኋላ ለእሷ ብቻ መንገድ ከፍቼ መሸኘት እችል ነበር። ግን አንድ ጥያቄ ስላስጨነቀኝ በማግስቱ ላቦቹንና ላይብረሪውን ዞርኩ፦ ሌሎቹስ ምን እያደረጉ ነው?

ያገኘሁት ይህ ነው። ሶፍትዌር የሚፈልግ ተማሪ ከግቢው በር ላይ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በፍላሽ ያስጭናል። እዚያ ያለው ኮምፒውተር በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካበት የሚያውቅ ያውቃል። ፋይልን ወደ ሾርትከት የሚቀይረው ቫይረስ ከግቢ ግቢ የተሸጋገረው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ የስታቲስቲክስ ተማሪ ላፕቶፑን አሳየኝ፤ አር የተባለውን ሶፍትዌር በፍላሽ ነው ያስጫነው። አር እኮ ነጻ ነው፤ ከራሱ ድረ ገጽ ንጹሑን ማውረድ ይቻላል። እኛ ንጹሑን በር ዘግተን፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቀውን እንዲወስድ አደረግነው።

ሌሎቹ በስልካቸው ነጻ ቪፒኤን (ግንኙነቱን ሸፍኖ በሌላ ድርጅት በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም) ጭነው ያልፋሉ። ይህንን ማድረግ የሚችለው ነገሩን የሚያውቅ ተማሪ ነው፤ ፊልም የሚያወርደውም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ስለዚህ እገዳው የታሰበበትን ሰው አልፎ፣ ደንብ አክብራ ላብ ውስጥ የተቀመጠችውን ተማሪ ያዘ። ነጻ ቪፒኤን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ባለቤቱ የማይታወቅ ድርጅት የምትሄድበትን ሁሉ ያያል።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን አንድ የላብ ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስ ማሻሻያውን ስከፍት ያየሁት ነው። ለብዙ ወራት አልዘመነም፤ ቀዩ ጽሑፍ ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይሞክራል። የዊንዶውስ ማሻሻያዎች ከሚመጡባቸው የፋይል ዓይነቶች አንዱ ካብ ነው። ዝርዝሬ ውስጥ ካብ አለ። ለደኅንነት ብዬ ያስገባሁት ደንብ ኮምፒውተሮቹ የደኅንነት ማስተካከያ እንዳያገኙ ዘግቷል። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያናወጠው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተሰራጨው ሰው ከድረ ገጽ ፋይል ስላወረደ አልነበረም፤ በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ አገልግሎት ቀዳዳ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየዘለለ ነው። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ከ2 ወር በፊት፣ በመጋቢት አውጥቶ ነበር። የተጎዱት ያላዘመኑት ናቸው። የእኛ ላብ በዚያው መንገድ ላይ ቆሞ ነበር።

ስብሰባው

ያገኘሁትን ይዤ ወደ ኃላፊያችን ገባሁ። እሳቸው ሥራቸውን የሚወዱ፣ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ከሰሙኝ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ነገ አንድ ቫይረስ ቢገባ የሚጠየቀው ማነው?»

ይህን ጥያቄ ሰምተው የሚያልፉት ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ልክ ነው እላለሁ። በኛ አሠራር ፋይል ስላልወረደ የተጠየቀ ባለሙያ አላውቅም፤ ቫይረስ ከገባ ግን ደብዳቤ ይጻፋል። የሚዘጋ ሰው አይጠየቅም፣ የሚከፍት ይጠየቃል። ሚዛኑ እንዲህ ሆኖ ሳለ ማንም ቢሆን ይዘጋል። ስለዚህ «እንክፈተው» ብዬ አልተከራከርኩም። የላቡን ኮምፒውተር የማሻሻያ ገጽ ፎቶ አንስቼ ስለነበር አሳየኋቸው፤ ልጅቷ ኮፒ እንዳደርግ የፈቀደችልኝን የደብተር ገጽ አጠገቡ አስቀመጥኩ። «ጌታዬ፣ ዘግተነውም እየገባ ነው፤ ልዩነቱ በየት እንደሚገባ አለማየታችን ነው» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ለአንድ ሴሚስተር ሞክሩት፣ በጽሑፍ አድርጉትና እኔ እፈርማለሁ» አሉ። ፊርማቸው ከቴክኒኩ ሁሉ ይበልጥ ነበር።

አንድ ባልደረባችን ተማሪው በአማካሪው፣ በትምህርት ክፍሉና በኮሌጁ የተፈረመ ደብዳቤ ሲያመጣ ብቻ ይከፈትለት የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አልተቀበልነውም። ሦስት ፊርማ ለማሰባሰብ አንድ ሳምንት የሚፈጅበት ተማሪ ያንን ፋይል በፍላሽ ማግኘቱን ይመርጣል።

ያደረግነው

መጀመሪያ ቆጣሪውን ቀየርን። አሁን የሚያስወጣው ሥራ ፈቶ የተቀመጠውን ብቻ ነው፤ አንድ ነገር እየወረደ ከሆነ አይነካም። የአድራሻውን የውሰት ጊዜ በትክክለኛው ቦታ አሳጠርነው፣ የአድራሻውንም ብዛት አሰፋነው። ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ለዓመታት ተማሪ ያንገላታ ነገር በአንድ ከሰዓት ተፈታ።

ቀጥሎ እገዳውን ከፋይል ዓይነት ወደ ምንጭ አዞርነው። ዚፕ የሚባል ነገር በራሱ ክፉ አይደለም፤ ከማን እንደመጣ ነው ጥያቄው። የአውሮፓን የሳተላይት ምስል ማዕከል፣ ላንድሳት የተባሉትን የአሜሪካ ሳተላይቶች ምስሎች ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ የሚለቀውን የአሜሪካን የሥነ ምድር ቅየሳ ተቋም፣ የአርን፣ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ኩጂአይኤስ የተባለውን የካርታ ሶፍትዌር፣ ኡቡንቱ የተባለውን ነጻ ስርዓተ ክወና፣ የማይክሮሶፍት ማሻሻያን ገጾች በስማቸው ፈቀድን። የማይታወቅ ገጽ ኢኤክስኢ ሲልክ አሁንም ይዘጋል፤ ያንን አልነካነውም።

መስመሩ እንዳይታፈን ደግሞ ለያንዳንዱ ተጠቃሚ እኩል ድርሻ ሰጠን። ቀን ላይ አንድ ሰው የፈለገውን ያህል ቢያወርድ ከድርሻው አያልፍም፤ ሬጅስትራርና ውጤት ማስገቢያው የራሳቸው የተጠበቀ ድርሻ አላቸው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ገደቡ ይነሳል፣ ምክንያቱም ቢሮው ሁሉ ተዘግቶ መስመሩ ባዶ ነው። መጀመሪያ በምዝገባው ሰሞን ማድረግ የነበረብኝ ይህንን ነበር። ችግሩ የመጋራት ችግር ነው፤ እኔ በእገዳ ልፈታው ሞከርኩ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠራን፤ ሌላ እንዳይደግመው ልናገረው። ማስታወቂያ ለጠፍን፣ ተማሪው ከምሽቱ 4 ሰዓት ጠብቆ ሞከረ፣ መስመሩ ግን ያው ነው። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ከ2 ሰዓት ጀምሮ የቢሮ ሠራተኛው ኔትወርኩ ሞተ ብሎ መደወል ጀመረ። ፈልገን ያገኘነው የፋየርዎሉ ሰዓት በግሪንዊች አቆጣጠር ላይ መቀመጡን ነው፤ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። 22:00 ብለን የጻፍነው በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆነ፣ መዝጊያውም እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ተንሸራተተ። በሁለት አቆጣጠር በሚኖር አገር ሰዓት ያለበትን ደንብ ሁሉ ማሽኑ የያዘውን ሰዓት በዓይን አይቶ ማስገባት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የምደሰትበት ግን ሰርቨሩ ነው። መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ የነበረ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አውጥተን 4 ቴራ ባይት ሃርድ ዲስክ ገጠምንለት፣ ኡቡንቱ ጫንንበት። ሌሊት ሌሊት አርን ከነጥቅሎቹ፣ ኩጂአይኤስን፣ ሊብረ ኦፊስን፣ ፓይተንን ከየምንጫቸው ያወርዳል። ቀን ላይ ተማሪው ከግቢው ሳይወጣ፣ የኢንተርኔት መስመሩን ሳይነካ ይወስዳል፤ አንድ ጊጋ ባይት በደቂቃ ውስጥ ያልቃል። እነዚህ ሁሉ በፈቃዳቸው መሠረት ማንም ሊያባዛቸው የሚችላቸው ስለሆኑ የሕግ ጥያቄ የለባቸውም። ክራክ የተደረገ ነገር አላስገባንም፤ የጠየቁን መምህራን ነበሩ፣ እምቢ አልን። ከእያንዳንዱ ፋይል አጠገብ ሻ 256 የተባለውን መለያ አስቀመጥን፤ 64 ፊደልና ቁጥር ነው፣ አንዲት ባይት ብትቀየር ጠቅላላው ይለወጣል። የወረደው ፋይል ከባለቤቱ እንደወጣ መሆኑ የሚረጋገጠው በሱ ነው።

ማገጃ ገጹንም በአማርኛ ጻፍነው። አሁን ፋይል ሲታገድ ምን እንደታገደ፣ በየትኛው ደንብ እንደሆነ፣ ለትምህርት የሚያስፈልግ ከሆነ የት እንደሚጠየቅ ይነግራል።

ምስሉ

ልጅቷን ያስጠራኋት ማታ ነው፣ ሰዓቱን ካስተካከልን በኋላ። ቢሮ ውስጥ የራሷን ላፕቶፕ ከዋይፋዩ ጋር አገናኝታ ያንኑ 860 ሜጋ ባይት ፋይል ጀመረች። 28ኛው ደቂቃ ላይ ሁለታችንም ዝም አልን። 30 ሞላ። 31 ሆነ። ማውረዱ አልቆመም። እሷ ደብተሯን ዘጋችው።

ሲያልቅ ዚፑን ፈታችው፣ ኩጂአይኤስ ላይ 3 ንብርብር ከፈተች፦ የኢንፍራሬዱን፣ የቀዩን፣ የአረንጓዴውን። ለምለም ቅጠል ለዓይናችን የማይታየውን ኢንፍራሬድ አብዝቶ ይመልሳል፤ ውሃ ደግሞ ይውጠዋል። ስለዚህ ኢንፍራሬዱን በቀይ ቀለም እንዲታይ ስታደርገው ሐይቁ ጥቁር ሆኖ መጣ፣ በዳርቻው በኩል ደግሞ ደማቅ ቀይ ጥብጣብ። እምቦጩ ነው። «ይኸው ጋሼ፣ ይህቺን ነበር ማየት የፈለግኩት» አለች። አሥራ ስድስቱን ምስል በዚያው ሳምንት ጨረሰች።

ዛሬ እንደሷ ያለ ተማሪ ቢመጣ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ፋይሉ ራሱ ያስፈልግህ እንደሆነ ነው። ጉግል ኧርዝ ኢንጂን ላይ ምስሎቹ እዚያው ተቀምጠዋል፤ ስሌቱን እዚያው አሠርቶ ውጤቱን ብቻ፣ ጥቂት ሜጋ ባይት ቆርጦ ማውረድ ይቻላል። ለምርምርና ለትምህርት በነጻ ነው። የእሷ አማካሪ ጥሬ ምስሉን እንድትይዝ ስለፈለጉ ይህ አልሆነም፤ ለብዙው ሥራ ግን ይበቃል።

ያልፈታናቸው አሉ። በይለፍ ቃል የታሸገ ዚፕ ፋየርዎሉ መክፈት ስለማይችል ላብ ውስጥ አሁንም ይዘጋል፤ የሕክምና ተማሪዎች የሕመምተኛ መረጃ የሚቀባበሉት በዚያ መንገድ ስለሆነ አንድ በአንድ በእጅ እንከፍትላቸዋለን። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ አብሮ ይጠፋል፤ የሌሊቱ ማውረድ ካቆመበት እንዲቀጥል አድርገነዋል፣ ጄኔሬተሩ ግን ለእሱ አይደርስም። የተፈቀዱት ገጾች ዝርዝርም በየጊዜው ይቀየራል፤ የአውሮፓው የምስል ማዕከል ራሱ በ2023 እ.ኤ.አ. አሮጌውን በር ዘግቶ ወደ አዲስ አድራሻ ሲዛወር፣ ተማሪዎች እስኪነግሩን ድረስ አላወቅንም ነበር። አሁን እያንዳንዱ ደንብ የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ቀኑ ሲደርስ አንድ ሰው አይቶ ካላደሰው በራሱ ይጠፋል። «ጊዜያዊ» የሚል ቃል መግለጫ ሳጥኑ ውስጥ መጻፍ አቁመናል።

ተማሪዎች ችግር ሲገጥማቸው የሚሞሉት ቅጽም ተቀይሯል። ድሮ «የችግሩ ዓይነት» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ነበረው። አሁን 6 ረድፍ አለው፦ ቀን፣ ቦታ፣ የጀመረበት ሰዓት፣ የቆመበት ሰዓት፣ ስንት ሜጋ ባይት እንደደረሰ፣ ስክሪኑ ላይ ምን እንደታየ።